ዲስኩ ሲደክም ስንት ይጽፋል?

የመልስ ዕለት ነበር። ድፎው ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል፣ የሙሽሪት አጎት ቢላዋቸውን ይዘው ምርቃቱን ጀምረዋል፣ እልልታው ሊቀልጥ ነው። እኔ ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ እጃቸው ላይ ፎከስ ይዣለሁ። ድንገት ከስክሪኑ ግርጌ፣ የዲስኩ ቀሪ ደቂቃ ከሚታይበት ቦታ፣ የቃለ አጋኖ ምልክት ብቅ አለ። ወዲያው ቀረጻው ቆመ። እንደገና ተጫንኩት፤ ሰባት ሰከንድ ያህል ሄደና ቆመ። በሦስተኛው ሙከራዬ ድፎው ተቆርሶ ለእንግዳ እየታደለ ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዲስኩን ከሳምንት በፊት ቤቴ ፈትኜዋለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ያለማቋረጥ ቀርጬበት አንዲት ፍሬም አልጣለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ደግሞ ካሜራዬ ከሚፈልገው ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ታዲያ ምን ነካው? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የገዛሁትን ዕቃ ሳላውቅ ነው ሠርግ ይዤ የሄድኩት። ግን መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ነገር እንዲህ የሚያስደስት ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ይኸው ለእናንተ ሳላወራ መቆየት አቃተኝ። ካሜራማን ባትሆኑም ግድ የለም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክም ወደዚሁ ጉዳይ እየመጣ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ድሮ ይህ ራስ ምታት አልነበረም። የሲኒማ ካሜራ ከራሱ ልዩ ካርድ ጋር ነበር የሚሸጠው። ከካሜራ አምራቾቹ ሬድ የራሱ ማጋዚን ነበረው፣ አሪ ኮዴክስ የሚባሉ ድራይቮች አሉት፤ ዋጋቸውን ስትሰሙ መጀመሪያ የካሜራው መስሏችሁ ትደነግጣላችሁ። ነገሩን የቀየረው የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን ነው። በፈረንጆቹ 2018 ፖኬት ሲኒማ ካሜራ 4ኬን በ1,295 ዶላር ሲያወጣ ከጎኑ አንዲት የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ አበጀለት። ቀዳዳዋ ለቻርጅ ብቻ አይደለችም፤ ከኮምፒውተር ሱቅ የገዛችሁትን ተራ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ሰክታችሁ በቀጥታ ትቀርጹበታላችሁ። በ2019 ታናሽ ወንድሙ 6ኬው ተከተለ፤ የእኔም እሱ ነው። ነጻነት ተገኘ፤ ከነጻነቱ ጋር ግን ምርጫ መጣ። ካርዱን ፋብሪካው ሲመርጥልን የማናውቀውን ነገር አሁን ራሳችን ማወቅ ግድ ሆነ።

እስቲ መጀመሪያ ከካሜራው የሚወጣው ጎርፍ ስንት እንደሆነ እናስላ። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው።

6ኬ ማለት አንዱ ፍሬም በወርድ 6144፣ በቁመት 3456 ነጥቦች አሉት ማለት ነው። ሲባዛ ከ21 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይመጣል። እያንዳንዱ ነጥብ በ12 ቢት ይመዘገባል፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ አንድ ነጥብ አንድ ባይት ተኩል ይበላል። ስለዚህ አንድ ፍሬም ብቻውን ወደ 32 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም እቀርጻለሁ፤ የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ከአምፖሉ ምት ጋር ይስማማል። 32 በ25 ሲባዛ 800 ሜጋባይት። በየሰከንዱ! የአንድ ሙሉ ፊልም ፋይል በአንድ ትንፋሽ እንደ መጻፍ ነው።

ይህን ተራ ዲስክ ስለማይችለው ካሜራው ያምቀዋል። ብላክማጂክ ሮው የተባለው ፎርማት በእኔ ካሜራ ላይ አራት የመጠቅጠቂያ ደረጃ አለው፤ 3 ለ1፣ 5 ለ1፣ 8 ለ1፣ 12 ለ1። ማካፈል ብቻ ነው። ሦስት ለአንድ ስትመርጡ በሰከንድ 265 ሜጋባይት ገደማ፣ አምስት ለአንድ ከሆነ 160፣ ስምንት ለአንድ 100፣ አሥራ ሁለት ለአንድ ደግሞ 66 ገደማ ይወጣል። በሠርጉ ዕለት በአምስት ለአንድ ነበርኩ። አንድ ሰዓት በዚያ መጠን ስትቀርጹ 570 ጊጋ አካባቢ ይሄዳል። ታላላቆቻችን ሠርግ ሲቀርጹባት የነበረችው ሚኒ ዲቪ ካሴት በአንድ ሰዓት የምትይዘው 13 ጊጋ ያህል ነበር። የእኔ አንድ ሰዓት ከአርባ ካሴት በላይ ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ካሴት የሚሸከም ልጅ ይቀጠር ነበር፤ ዛሬ ያ ሁሉ ከክብሪት ቤት ብዙም የማይበልጥ ነገር ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፤ ቢት እና ባይት። የዩኤስቢ ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፣ የፋይል መጠን በባይት። የፖኬት ካሜራዬ ቀዳዳ 5 ጊጋቢት የሚባለው ዓይነት ነው። ለስምንት ብታካፍሉት 625 ሜጋባይት ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነት ዩኤስቢ ላይ ስምንት ቢት ለማሳለፍ አሥር ቢት ነው የሚላከው፣ ሁለቱ የመንገድ ቀረጥ ናቸው በሉት። ስለዚህ ለአሥር አካፍሉ፤ 500። ከዚያ ላይ ሌላም ሌላም ተቆርጦ በተግባር እጃችሁ የሚደርሰው ከ400 ብዙ አይዘልም። ስለዚህ አንድ ዲስክ ካርቶኑ ላይ 1,050 ቢል፣ ሌላው 2,000 ቢል፣ ለዚህ ካሜራ ልዩነት የላቸውም። ትርፉ ፍጥነት በሩ ላይ ይቀራል። ለላፕቶፓችሁ ሊጠቅም ይችላል፤ ለቀረጻው ግን ያላለፈ ውኃ ነው።

እሺ፣ በሩ 400 ያሳልፋል፣ እኔ የምፈልገው 160 ነው፣ ዲስኩ ከ1,000 በላይ እችላለሁ ይላል። በምንም ስሌት መቆም አልነበረበትም። ለምን ቆመ?

እዚህ ጋ ነው የምወደው ክፍል የሚመጣው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። በቢሊዮንና በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሕዋሶች አሉ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። እያንዳንዱን እንደ ቡና ሲኒ አስቡት። በጥንቱ አሠራር አንድ ሲኒ አንድ ቢት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ። ቀጂዋ ጀበናውን አንስታ ትደፋለች፣ ትሄዳለች፤ አታስብም። ግን ሲኒ ውድ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ በአንድ ሲኒ ብዙ ቢት እናስቀምጥ አሉ። ሦስት ቢት ለማስቀመጥ ስምንት የተለያዩ የቡና ከፍታዎች ያስፈልጋሉ። አራት ቢት ለማስቀመጥ አሥራ ስድስት። አሁን ቀጂዋን አስቧት። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ በትክክል ማቆም አለባት፣ አሥራ ሁለተኛውን መንካት የለባትም። ጠብ ታደርጋለች፣ ታያለች፣ ጠብ ታደርጋለች፣ ታያለች። ሲኒው ያው ነው፣ ቡናው ያው ነው፣ ሥራው ግን አራት እጥፍ፣ አሥር እጥፍም ሊዘገይ ይችላል። ባለ ሦስት ቢቱ ቲኤልሲ ይባላል፣ ባለ አራቱ ኪውኤልሲ። ርካሽና ትልቅ ዲስክ ስታዩ ብዙ ጊዜ ኪውኤልሲ ነው።

ታዲያ ካርቶኑ ላይ ያ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ? ውሸት አይደለም። የግማሽ ደቂቃ እውነት ነው።

ዲስኩ ከሲኒዎቹ ጥቂቱን ለይቶ በጥንቱ አሠራር ይጠቀምባቸዋል፤ ሙሉ ወይም ባዶ። መጀመሪያ የመጣለትን ሁሉ እዚያ ላይ ይዘረግፋል፣ ፋታ ሲያገኝ ወደ ውስጥ አስገብቶ በሥነ ሥርዓት ይደረድረዋል። እህል በረንዳ ሄዳችሁ አይሱዙ ሲራገፍ ካያችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ወዛደሮቹ ኩንታሉን በረንዳ ላይ እየወረወሩ በደቂቃዎች መኪናውን ባዶ ያደርጉታል፤ መጋዘኑ ውስጥ መደርደሩ በኋላ ቀስ ተብሎ ይደርሳል። መኪናው አንድ ከሆነ ግሩም ነው። መኪና በመኪና ላይ ሳይቋረጥ ከመጣ ግን በረንዳው ይሞላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኩንታል መጋዘን ገብቶ እስኪደረደር ቀጣዩ ይጠብቃል። ሹፌር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ካሜራ ግን ሻይ አይጠጣም። በሰከንድ 25 ፍሬም እየወለደ ነው፤ ፍሬሞቹን የሚያቆይባት ጊዜያዊ ቦታ ትንሽ ናት፣ ከሞላች ፍሬም ይጥላል ወይም ያቆማል።

ቁጥር ከፈለጋችሁ ሳምሰንግ ስለ 870 ኪውቪኦ ራሱ ያወጣው ዝርዝር አለ፤ እንዲህ በግልጽ መጻፉን አደንቃለሁ። ይህ ዲስክ ኪውኤልሲ ነው፣ ፊቱ ላይ ያለው የመጻፍ ፍጥነት 530 ነው። የአንድ ቴራው በረንዳ ግን 42 ጊጋ ነው፤ ያ ከሞላ በኋላ ፍጥነቱ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። የእኔ የሠርግ ቀረጻ በሰከንድ 160 ይጽፋል። 42 ጊጋ በዚህ ፍጥነት ከአራት ደቂቃ ተኩል በፊት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሒሳብ አይጠይቅም። ይህ ዲስክ ፎቶና ዶክመንት ለሚያስቀምጥ ሰው በጣም ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለቀረጻ ተብሎ አልተሠራም እንጂ።

የእኔው ዲስክ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተንኮል ነበረው። በረንዳው የሚለጠጥ ነው። ዲስኩ ባዶ ሲሆን ሰፊ ቦታ በጥንቱ አሠራር ይጠቀማል፣ እየሞላ ሲሄድ ግን ያንኑ ቦታ ለመጋዘንነት ስለሚፈልገው በረንዳው ይጠባል። ቤቴ ስፈትነው ባዶ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በረንዳ ላይ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ መጋዘኑን አላየሁትም። መልስ ዕለት የጠዋቱን ቀረጻ ሳልገለብጥ፣ ሦስት አራተኛው ሞልቶ ነው የገባሁት። በረንዳዋ እንደ ደጃፍ ጠባለች። አጎትየው ቢላዋቸውን ሲያነሱ የእኔ ዲስክ ጠብ እያደረገ ያይ ነበር።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ጥያቄው «ስንት ይሮጣል?» አይሁን። ሲሞላ፣ ሲሞቅ፣ ሲደክም ስንት ይጽፋል? ይህን ካርቶኑ አይነግራችሁም፣ ሻጩም አያውቅም። ግን ፍንጭ አለ። የመጀመሪያው የካሜራው አምራች የሚያወጣው ሰንጠረዥ ነው። ብላክማጂክ የፈተናቸውን ዲስኮች በየስማቸው፣ በየመጠናቸው፣ በየትኛው ጥራት እስከ ስንት ፍሬም እንደሚችሉ ዘርዝሮ ያሳያል። መጠኑን ልብ በሉ። የአንድ ዲስክ 250 ጊጋው እና አንድ ቴራው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አቅማቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ በትልቁ ውስጥ ብዙ ቺፖች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ ወዛደሩ በዛ ማለት ነው። ሁለተኛው ፍንጭ ኪውኤልሲ የሚለው ቃል ነው፤ የዲስኩን ስም ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ይህ ከወጣ ለቀረጻ አትግዙት። ሦስተኛው ደግሞ ረጅም የመጻፍ ፈተና ያደረጉ ሰዎች የሚያወጡት ግራፍ ነው። ግራፉ በሁለተኛው ደቂቃ እንደ ገደል ከወረደ ታሪኩን አውቃችሁታል።

አንድ ያናደደኝን ነገር ልጨምር። በ2021 የቴክኖሎጂ ጸሐፊዎች ዲስክ እየፈቱ ሲያዩ፣ አንዳንድ ታዋቂ አምራቾች የሞዴሉን ስም ሳይቀይሩ የውስጡን ዕቃ በቀርፋፋ ተክተው ተገኙ። ካርቶኑ ያው፣ ስሙ ያው፣ የድሮው ግምገማ ያው፤ ዕቃው ሌላ። ስለዚህ «ጓደኛዬ ይህን ገዝቶ ጥሩ ነው ብሎኛል» ጥሩ ምስክርነት ነው፣ ግን በቂ አይደለም። ጓደኛችሁ መቼ እንደገዛው ጠይቁ።

ራሳችሁ የምትፈትኑት እንዲህ ነው። ብላክማጂክ ዲስክ ስፒድ ቴስት የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ሁሉም ሰው ያወርዳል፣ መርፌው ወደ ቀኝ ሲፈነጠር ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ፕሮግራሙ ግን በጥቂት ጊጋ ነው የሚፈትነው፣ በረንዳውን ብቻ ያያል። እናንተ ዲስኩን መጀመሪያ በማይረቡ ፋይሎች ሰባ ሰማንያ በመቶ ሙሉት። ከዚያ ከካሜራው ጋር ሰክታችሁ፣ በሥራ ላይ ከምትጠቀሙበት አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ጥራት፣ እስኪሞላ ድረስ ያለማቋረጥ ቅረጹ። ካሜራው ፍሬም ሲጥል እንዲያቆም የሚያዘው ማስተካከያ አለ፤ አብሩት፣ አለበለዚያ ሳታዩት ያልፋል። ደግሞ ቋሚ ጥራት በሚባለው አሠራር የምትቀርጹ ከሆነ የፋይሉ መጠን እንደ ምስሉ ስለሚለያይ ነጭ ግድግዳ ላይ አትፈትኑት፤ ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው ዛፍ ፈልጉ። ቅጠል ለካሜራ ከባድ ሥራ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ አሮጌ ጀግና አለ። ሳምሰንግ ቲ5፣ በ2017 የወጣ፣ 51 ግራም የሚመዝን፣ የብረት ገላ ያለው፣ ካርቶኑ ላይ 540 ብቻ የሚል። በዛሬ ዓይን ቀርፋፋ ነው፤ ተተኪው ቲ7 እጥፍ ያህሉን ይናገራል። ሆኖም የፖኬት ሲኒማ ባለቤቶች ለዓመታት ሲምሉበት ኖረዋል፤ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «ሌላ አትግዢልኝ፣ ይችን ብቻ» ተብሎ ስንት ጊዜ ተልኳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለ ሦስት ቢት ነው፣ ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ብዙ አይሞቅም፣ የሚናገረውን ያህል ይሠራል። ሁለት አሉኝ። አሁን አዲስ ማግኘት እየከበደ ነው፤ ርካሽ ቲ5 ይዞ የመጣ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ተጠንቀቁ። የማከማቻ ዕቃ ፎርጅድ ብዙ ነው፤ ሁለት ቴራ ነኝ ብሎ ውስጡ 64 ጊጋ የሆነ፣ የተረፈውን የሚውጥ። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለች ትንሽ የዊንዶውስ ፕሮግራም ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ጽፋ፣ መልሳ አንብባ እውነቱን ትነግራችኋለች። ሰዓታት ይፈጃል። ይፍጅ።

አሁን ወደ ኬብሉ እንምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከዲስክ ይልቅ ሰው ያለቀሰው በኬብል ነው።

የዩኤስቢ-ሲ ጫፍ ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አንድ አይደለም። ጫፉ 24 እግሮች አሉት፤ ርካሹ ኬብል የቻርጅና የጥንቱን ዩኤስቢ 2 ሽቦዎች ብቻ ያገናኝና ፈጣኖቹን ይተዋቸዋል። ዩኤስቢ 2 ማለት 480 ሜጋቢት፣ ለስምንት ሲካፈል 60 ሜጋባይት፣ እሱም በወረቀት ላይ። ያንን ኬብል በምድር ላይ ካለው ምርጥ ዲስክ ጋር ብታገናኙት ለ6ኬ አሥራ ሁለት ለአንድ እንኳን አይበቃም። ስልኩን ያልኩት እዚህ ጋ ነው። አፕል በ2023 ያወጣው አይፎን 15 ፕሮ ፕሮሬስ በተባለው የባለሙያ ፎርማት 4ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም በቀጥታ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ላይ ይቀርጻል። ቀዳዳው 10 ጊጋቢት ነው። ከስልኩ ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ኬብል ግን ዩኤስቢ 2 ነው! አፕል ለዚህ ቀረጻ ዲስኩ ቢያንስ በሰከንድ 220 ሜጋባይት እንዲጽፍ ይጠይቃል፤ በካርቶኑ ኬብል ይህ የማይታሰብ ነው። ስንቱ ሰው ዲስኩን ረግሞ መልሶ ሸጧል መሰላችሁ።

ስለዚህ ከዲስኩ ጋር የመጣውን አጭር ኬብል ጠብቁት። አጭር ይሻላል፤ ረጅሙ ይደክማል፣ ይንጠለጠላል፣ የአንድ ሰው ክንድ ይነካዋል። ዩኤስቢ-ሲ መቆለፊያ የለውም፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሸርተት ካለ ቀረጻው አለቀ። ካሜራውን የሚያቅፍ ኬጅ፣ ዲስኩን የሚጨብጥ መያዣ፣ የኬብሉን አንገት የሚቆልፍ ትንሽ ብረት የሚሸጡት ለዚህ ነው፤ ጌጥ አይደሉም። እኔ እነዚያን እስክገዛ ድረስ ዲስኩን በቬልክሮ ካሜራው ጀርባ ላይ ለጥፌ፣ ኬብሉን በጎማ አስሬ ብዙ ሠርግ ወጥቻለሁ። አያምርም፤ ግን አልተነቀለም።

ከኬብሉ ሳልወጣ አንድ ነገር፤ ይህንን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል። ኢንቴል በ2012 ራሱ ስለዚህ ጽሑፍ አውጥቷል። አሁን ሁሉም ሰው ሸሚዝ ላይ የሚሰካቸው ትንንሽ ገመድ አልባ ማይኮች ብዙዎቹ በዚያው 2.4 ላይ ነው የሚሠሩት። የማይኩን ተቀባይ ከዲስኩ ጎን ለጎን ካሰራችሁት ድምፁ ቢቆራረጥ ማይኩን አትርገሙ። ተቀባዩን ወደ ካሜራው ሌላ ጎን አዙሩት፣ ወይም አንድ ስንዝር አርቁት።

ስለ ኃይል ብዙ አልልም። ዲስኩ የሚበላው ከካሜራው ባትሪ ነው። የዩኤስቢ 3 መደበኛ ስጦታ 5 ቮልት በ0.9 አምፔር፣ ማለትም 4.5 ዋት ነው፤ አፕልም ለአይፎኑ ከ4.5 ዋት በላይ የሚስብ ዲስክ አትሰኩ የሚለው ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የኮምፒውተር ኤንቪኤምኢ ዲስክ ከባዶ መያዣ ጋር ገዝተው ራሳቸው የሚገጣጥሙ ጓደኞች አሉኝ፤ በብር ያዋጣል፣ በፍጥነትም ግሩም ነው። ግን አንዳንዱ ከዚህ በላይ ይስባል፣ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በጥላ ቢሮ ውስጥ የሠራው ዲስክ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ፀሐይ ውስጥ ያው ዲስክ አይደለም። የተገጣጠመ ዕቃ ይዛችሁ ከሆነ ፈተናውን ውጭ፣ እኩለ ቀን ላይ አድርጉት።

የዲስኩ ፎርማትስ? ዊንዶውስና ማክ ሁለቱም እንዲያነቡት ከፈለጋችሁ ኤክስፋት። ቤታችሁ ውስጥ ማክ ብቻ ካለ ማክ ኦኤስ ኤክስቴንድድ ይሻላል፤ እሱ የሥራ መዝገብ ስለሚይዝ ባትሪ በድንገት ቢሞት ወይም ኬብል ቢነቀል ፋይሉን የማዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ኤክስፋት ያን መዝገብ አይይዝም። ፎርማቱን ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ አድርጉት።

አሁን የምሰጠው አስተያየት ከሌሎች ካሜራማኖች ጋር ያጣላኛል። አብዛኞቻችን ሦስት ለአንድ አያስፈልገንም። ሠርጉን የሚያየው ቤተሰብ በቴሌቪዥንና በስልክ ነው፣ ዲያስፖራው ዘመድ በቴሌግራም ተጨምቆ የደረሰውን ነው የሚያየው። በስምንት ለአንድ 6ኬ ጥላና ብርሃኑን እንደልባችሁ ታስተካክላላችሁ፣ አንድ ቴራ ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይይዛል፣ ዲስኩም አይጨነቅም። የነጭ ቀሚስ ዝርዝር በሦስት ለአንድ ይበልጣል የሚሉኝ አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው የትኛው ነው ብዬ ስጠይቃቸው ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም። ያን ቀን በስምንት ለአንድ ብሆን ኖሮ ያ ደካማ ዲስኬ እንኳን ምናልባት ድፎውን ያደርስልኝ ነበር።

ከቀረጻ በኋላ ያለው ሌሊት የራሱ ሒሳብ አለው። አንድ ቴራ ሞልታችሁ ቤት ገባችሁ። መገልበጫችሁ የሚሽከረከር ኤክስተርናል ሃርድ ከሆነ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚጽፈው። ከሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በታች አያልቅም፤ ሁለት ቅጂ ከሆነ እጥፍ። መብራት ሊሄድ እንደሚችል አስባችሁ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስደውን ትንሹን ሃርድ ምረጡ፤ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ይቀጥላል። ግድግዳ ላይ የሚሰካው ትልቁ ሃርድ ግን መብራት ሲጠፋ መሐል ላይ ይሞታል። ለማቆየት የሚሽከረከረው ሃርድ ይሻላል የምልበት ምክንያት ዋጋ ብቻ አይደለም። ያ በሲኒው ውስጥ ያለው ሙል ዲስኩ ለዓመታት ሳይሰካ ከተቀመጠ ቀስ እያለ ያመልጣል፤ ኤስኤስዲ የሥራ ዕቃ ነው፣ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ቅርስ አይደለም።

ሁለት ቅጂ የምለው ለወግ አይደለም። በ2023 ሳንዲስክ ኤክስትሪም የተባሉት በጣም የታወቁ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲዎች አንዳንዶቹ በድንገት ከኮምፒውተር ግንኙነታቸው እየተቋረጠ ባለቤቶቻቸውን ሲያስጮኹ ከርመው፣ የያኔው ባለቤት ኩባንያ ዌስተርን ዲጂታል ችግሩን አምኖ የፈርምዌር ማስተካከያ አወጣ። ርካሽ አልነበሩም፣ ፎርጅድም አልነበሩም። ጥሩ ስም ያለው ዕቃም ይከዳል። ስትገለብጡ ደግሞ ጎትታችሁ ከመጣል ይልቅ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ ያለውን ክሎን መሣሪያ ተጠቀሙ፤ ነጻው ሪዞልቭ ይበቃል። ከገለበጠ በኋላ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን በሒሳብ ያረጋግጣል።

ከዚያ ሠርግ በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ጥቅል ፕላስተር ገባ፤ ቀይና ነጭ። ከካሜራው የወጣ ዲስክ ወዲያው ቀይ ይለጠፍበታል። ሁለት ቦታ ተገልብጦ እስኪረጋገጥ ቀዩ አይነሳም፣ ቀይ ያለበት ዲስክ ወደ ካሜራ አይመለስም። ነጩ የሚለጠፈው ባዶ ለሆነውና ለተፈተነው ነው፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ቁጥር ብቻ እጽፋለሁ፣ ሊሞላ ሲል ስንት ሜጋባይት እንደጻፈ። በአንደኛው ላይ 380 ይላል። በዚያ በድፎው ዲስክ ላይ 70 ይላል፤ አሁን የሙዚቃና የፎቶ ማስቀመጫዬ ነው፣ ሥራውን በደንብ ይሠራል።